ዓይኗን በጠበል የታጠበችው መኪና

ተረት ተረት ሲባል «የላም በረት» እያላችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ዛሬ «የመኪና በረት» በሉልኝ። ላምም ትነዳለች፣ መኪናም ትነዳለች፤ ለእኔ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ልየው የሚባል ሾፌር ነበር። አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ሰው ወደ ሠርግ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ሐኪም ቤት ያመላልስባታል። አንድ የግንቦት ጠዋት ልየው አንድ ትንሽ ነገር ፈለገ። የመኪናዋ የፊት መስታወት እንዲታጠብ ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም። ከመሪው አጠገብ ያለችውን ዘንግ ወደ ራሱ ሳበ። መጥረጊያው ተነሣ፤ ደረቁን መስታወት እየፋቀ ሄደ፣ እየፋቀ ተመለሰ። ውሃ ግን አልመጣም።

«ጨርቅ የለውም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለው። ግን በረሃው ቁልቁለት ላይ መንገድ እየተሠራ ነው። ቦቴው አቧራውን ሊያበርድ ውሃ ይረጫል፤ ገልባጩ የተረጨውን ረግጦ ጭቃውን ከኋላው ላለ ሰው ፊት ይወረውራል። ያን ጭቃ ያለ ውሃ የጠረገው እንደሆነ መስታወቱ ላይ እንደ ምርጊት ይለሰናል። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ገልባጭ፤ ቆሞ ጨርቅ ማውጫ የለም። በቀደም ልየው እንዲህ ጭቃ ሸፍኖት አንድ ኩርባ በግምት ዞሯል። እዚያ ኩርባ ላይ ምን እንዳሰበ እስካሁን ለማንም አልተናገረም።

ነገ ደግሞ በዚያው መንገድ የሚወስደው እናቱን ወይዘሮ ትጓደድን ነው። እማማ ትጓደድ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ የልጃቸውን ፊት ግን የሚያውቁት በእጃቸው ዳብሰው ነው። ከበረሃው ማዶ ባለው ሆስፒታል ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከሩቅ መጥተዋል። የእማማ ትጓደድ ተራ ነገ ነው፤ ከነገ ወዲያ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። አውቶቡሱ መንገዱ መቆፈር ከጀመረ ወዲህ ዙሪያውን ስለሚሄድ ያንን ጉዞ የእሳቸው ጉልበት አይችለውም። ስለዚህ መስታወቱ መታጠብ ነበረበት።

ልየው መኪናዋን እየነዳ ወደ ሙሉሰው ጋራዥ ሄደ። ሙሉሰው መካኒክ ነው። መኪና ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሰው ሲያዳምጥ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል።

«ሙሉሰው፣ መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ።»

«አለ ወይስ አቃተው?»

«እሱን አንተ ጠይቀው።»

ሙሉሰው ኮፈኑን ከፈተ። ኮፈኑ ሥር ጥግ ላይ የመስታወቱን ውሃ የምትይዝ ትንሽ ጀሪካን አለች፤ ከሥሯ ፓምፕ አለች፤ ከፓምፗ ቀጭን ጎማ ይነሣል፤ ጎማው መስታወቱ ግርጌ ያለው መርጫ ድረስ ይሄዳል። «ሳባት» አለው፤ ልየው ዘንጓን ሳበ። ፓምፗ ዝዝዝ አለች። «ፓምፗ ደህና ናት። እሷ ደህና ከሆነች ፊውዙም ደህና ነው።» ጎማውን በጣቱ ተከተለው፤ አልታጠፈም፣ አልተቀደደም። ከመርጫው ላይ ነቀለውና «ዘንጓን ሳባት» አለው። ከጎማው ጫፍ ግራጫ ውሃ ወጣ። «ውሃው እዚህ ይደርሳል። የተደፈነው መርጫው ነው።»

ኮሌታው ላይ ሰክቶ የሚይዛት መርፌ አለችው። አወጣትና የመርጫውን ቀዳዳ ወጋባት። ጎማውን መለሰ። «ሳባት።» መርጫው አንዴ ምራቁን እንትፍ አለና ተደፈነ። ደግሞ ወጋ፤ ደግሞ ተደፈነ። ሙሉሰው መርፌዋን ጠርጎ ኮሌታው ላይ መለሳት።

«ከታች ደለል እየመጣ ነው» አለ። «እሷ ስትከፍት ደለሉ ይዘጋል። ጀሪካኗ ወልቃ፣ ተደፍታ፣ ታጥባ ካልሆነ መርፌዋ መርጫውን አትከፍትም።»

መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ፤ መርፌዋ መርጫውን አልከፍትም አለች። ልየው ይሄን ያህል ነገር የሚያስጨንቅ አልመሰለውም።

«ታዲያ ድፋታ» አለ።

ሙሉሰው ጀሪካኗን ፈትቶ አወጣት። አፏን ወደ መሬት ሊያዘነብል ሲል ግን ቆመ። ጣቱን ነከረ፤ ጣቱን አየ። «አመድ ነው» አለ። «መኪና ውስጥ አመድ ምን ይሠራል? ማን ነው ውሃ የሞላላት?»

ልየው አሰበ። ባለፈው ሰንበት እናቱና ወዳጃቸው እትዬ አትጠገብ ከጠበል ሲመለሱ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ነበር። ከዚያ እትዬ አትጠገብ ኮፈኑ እንዴት እንደሚከፈት ጠይቀውታል። እሱም አሳይቷቸዋል። ለምን እንደጠየቁ አልጠየቀም። ስልኩን አወጣና ደወለ።

«እማዬ፣ መኪናዋ ውስጥ ምን ጨመራችሁ?»

«ጠበል ነዋ» አሉ እማማ ትጓደድ።

«ለምን?»

«ያን ለት ስንሄድ ጭርርር ሲል ሰምቼ ምንድን ነው ብልህ፣ ‘መኪናዋ ዓይኗን እየታጠበች ነው’ አላልከኝም እንዴ? ዓይኗን ከታጠበች አይቀር በሚያድነው ትታጠብ ብዬ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣነውን አመድ፣ እምነቱንም በጥብጠንበታል፤ እንዲያው ውሃ ብቻ እንዳይሆን።»

ልየው ስልኩን ዘጋ። ያን ለት የቀለደው እሱ ነው፤ ማንንም ሊቆጣ አልቻለም። ሙሉሰው ጀሪካኗን ቀስ አድርጎ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ።

«ምን ሆንክ?» አለው ልየው።

«ጠበል አልደፋም።» ሙሉሰው ቤተ ክርስቲያን የሚታየው ሰው ሲቀበር ነው እየተባለ ይታማል፤ ፊቱ ግን ቀልድ አልነበረበትም። «ይኼ መሬት ዘይት የፈሰሰበት ነው፤ ሰው ይረግጠዋል፣ ውሻ ይተኛበታል። እናቴ ብትሰማ አፈር ውስጥ ሆና ትረግመኛለች። ቄስ ይፍቀድልኝ፤ ያን ጊዜ እደፋለሁ።»

«ሌላ ጀሪካን ብንገጥምላትስ?»

«የዚህች መኪና ዕቃ እዚህ አገር ካየህ ለእኔም ንገረኝ።»

መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ፤ መርፌዋ መርጫውን አልከፍትም አለች፤ ሙሉሰው ጀሪካኗን አልደፋም አለ። ልየው መኪናዋን ኮፈኗ እንደተከፈተ ትቶ በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን አቀና።

አባ መንክር የእናቱ የንስሐ አባት ናቸው። ግቢው ውስጥ ከወይራው ሥር ተቀምጠው የጃንጥላቸውን ሽቦ በክር ያስራሉ። ልየው መስቀል ተሳልሞ ጉዳዩን እንደ መጣለት ተናገረው።

«አባ፣ መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ፤ መርፌዋ መርጫውን አልከፍትም አለች፤ ሙሉሰው ጀሪካኗን አልደፋም አለ፤ እርስዎ ካልፈቀዱለት።»

አባ መንክር ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ደግመህ ንገረኝ፤ ቀስ ብለህ።»

ልየው ቀስ ብሎ ደገመው፤ ጠበሉንም፣ እምነቱንም፣ የመኪናዋንም ዓይን ጨመረበት። አባ መንክር አልሳቁም።

«ጠበል ለመኪና ዓይን» አሉ። «በመጽሐፍ አላገኘሁትም። የሚከለክልም አላገኘሁም።» ጃንጥላውን ከፈት ዘጋ አድርገው ሞከሩት። «ልጄ፣ ትጓደድ በእምነት የጨመሩትን እኔ በትእዛዝ አላስወጣም። እሳቸው ወደው ‘ይውጣ’ ይበሉ። ሲወጣም እግር የማይረግጠው ቦታ ይፍሰስ። ያን ጊዜ ለሙሉሰው እፈቅዳለሁ። እስከዚያ ግን አልፈቅድም።»

ልየው ወደ ቤት ሲሄድ አፉ ብቻውን ይሠራ ነበር። መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ፤ መርፌዋ መርጫውን አልከፍትም አለች፤ ሙሉሰው ጀሪካኗን አልደፋም አለ፤ አባ መንክር ለሙሉሰው አልፈቅድም አሉ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሰላም ቢለው «አልፈቅድም» ብሎ መለሰለት።

እማማ ትጓደድ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የመንገድ ልብሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ታስሮ እግራቸው ሥር ነው። ነጠላቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ።

«እማዬ፣ መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ፤ መርፌዋ መርጫውን አልከፍትም አለች፤ ሙሉሰው ጀሪካኗን አልደፋም አለ፤ አባ መንክር ለሙሉሰው አልፈቅድም አሉ፤ አንቺ ለአባ መንክር እሺ እስክትዪ ድረስ።»

«ምን እሺ ልበል?»

«ጠበሉ ይውጣ በዪ።»

«አልልም» አሉ እማማ ትጓደድ።

ልየው ይህን መልስ አልጠበቀም። እናቱ በየመንገዱ ላለ ሰው ሁሉ እሺ የሚሉ ሴት ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉት፤ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሰጣቸው።

«ያን ጠበል ለመኪናዋ ብዬ መሰለህ እንዴ?» አሉ። «ዓይን ሲገፍፉ ብቻህን ነው የሚያስገቡህ ይላሉ። ባይሆንስ? ይህች የቀረችኝ ጥላ እንኳ ብትጠፋስ? አሁን ስትገባ ጥላህን አያለሁ፤ ስትወጣ ጥላህን አያለሁ። እሷ ብትሄድ ምን ይቀረኛል? እፈራለሁ ልየው። ጠበሉ አብሮኝ ይሂድ ብዬ ነው።»

ልየው እናቱ «እፈራለሁ» ሲሉ ሰምቶ አያውቅም። አባቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ አላሉም። እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ አለሁልሽ አይደል» አለ።

«አንተ ሾፌር ነህ፤ መኪና ትጠብቃለህ።» ነጠላቸውን እንደገና አጠፉ። «ጠበሉ ይውጣ ካላችሁ አትጠገብ አብራኝ ትሂድ። እሷ እጄን ይዛ እስከ በሩ ትግባ። እሷ ከሄደች እሺ እላለሁ። ካልሄደች ጠበሉም አይወጣ፣ እኔም አልሄድ።»

ይህ እንግዲህ ቀላል መሰለ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዓመት የተዳሩ፣ በአንድ ማኅበር የሚጠጡ፣ ኮፈንም አብረው የሚከፍቱ ናቸው። ልየው ወደ ታች ሰፈር እየሮጠ ወረደ።

እትዬ አትጠገብን ከቤታቸው ጓሮ፣ በእሾህ በታጠረች አንዲት መደብ ፊት ቁጢጥ ብለው አገኛቸው። መደቧ የበርበሬ ችግኝ ናት። የዘንድሮ በርበሬያቸው በሙሉ እዚያች መደብ ላይ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። አሁን ግን ችግኙ አንገቱን ደፍቷል። አጠገባቸው ባዶ ጣሳ ተደፍቷል።

«እትዬ፣ መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ፤ መርፌዋ መርጫውን አልከፍትም አለች፤ ሙሉሰው ጀሪካኗን አልደፋም አለ፤ አባ መንክር ለሙሉሰው አልፈቅድም አሉ፤ እማዬ ለአባ መንክር እሺ አልልም አለች፤ እርስዎ አብረዋት ካልሄዱ።»

እትዬ አትጠገብ የመጀመሪያዎቹን አልሰሙም፤ የመጨረሻውን ሰሙ። «ፈርታለች?»

«ፈርታለች።»

«አውቄ ነበር። ጠበሉን ስናስገባ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርዱ ነው አለችኝ። በግንቦት!» ወደ መደቧ ዞሩ። «ከትጓደድ ጋር ገደል ግቢ ቢሉኝ እገባለሁ። ግን ይኼን እየው። ዛሬ ውሃ ሳይቀምስ ካደረ ነገ የለም። ከጠጣ ሣር አለብሰዋለሁ፤ እስከምመለስ ይቆየኛል። ካልጠጣ ግን የዓመት ጉርሴን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ችግኙ አይለቀኝም።»

«ውሃ ላምጣልዎት» አለ ልየው። 

ባዶ ጀሪካን ይዞ ወደ ቦኖው ሄደ። በግንቦት ወደዚያች ከተማ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ቀኑ ደግሞ እሑድ ነው፤ ዛሬ እሑድ አይደለም፤ በየቤቱ የተቀዳውም ለጉሮሮ ብቻ የቀረ ነው። ልየው ይህን ያውቃል። ቢሆንም ቦኖውን ከፈተው። ቦኖው ሳለ፤ አየር ተነፈሰ፤ ዝም አለ።

አጠገቡ ሰው ስላልነበረ ለቦኖው ነገረው። «መርጫው መስታወቱን አላጥብም አለ፤ መርፌዋ መርጫውን አልከፍትም አለች፤ ሙሉሰው ጀሪካኗን አልደፋም አለ፤ አባ መንክር ለሙሉሰው አልፈቅድም አሉ፤ እማዬ ለአባ መንክር እሺ አልልም አለች፤ እትዬ አትጠገብ ከእማዬ ጋር አልሄድም አሉ፤ ችግኙ እትዬ አትጠገብን አልለቅም አለ፤ አንተ ደግሞ ችግኙን አላጠጣም አልክ።»  ልየው እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቱ እሱ ሲወጣ ጥላውን ሲከተሉ የነበረው አኳኋን ትዝ አለው። ቢያለቅስ ደስ ይለው ነበር፤ ግን ቦኖ ጋ ተቀምጦ የሚያለቅስ ሾፌር ወሬው ሳይመሽ ከተማውን ያዳርሳል። ስለዚህ ተነሣ።

ባዶውን ጀሪካን አንጠልጥሎ ሲመለስ እትዬ አትጠገብ ከሩቅ አዩት፤ ጀሪካኑ ሲወዛወዝ አዩና ገባቸው።

«የለም?»

«የለም።»

«እስኪ ነገሩን እንደገና ንገረኝ። ቅድም ልቤ ችግኙ ላይ ነበር።»

ልየው ደክሞታል። ከየት መጀመር እንዳለበት ጠፋውና ከቆመበት፣ ማለትም ከጅራቱ ጀመረ። «ቦኖው ችግኙን አላጠጣም አለ። ችግኙ እርስዎን አልለቅም አለ። እርስዎ ከእማዬ ጋር አልሄድም አሉ። እማዬ ለአባ መንክር እሺ አልልም አለች። አባ መንክር ለሙሉሰው አልፈቅድም አሉ። ሙሉሰው ጀሪካኗን አልደፋም አለ። ጀሪካኗ...»

ቆመ።

«ጀሪካኗ ምን አለች?» አሉ እትዬ አትጠገብ።

«ምንም አላለችም። ሞልታለች።»

«ምን ሞልታለች?»

«ጠበል። እርስዎ አይደሉ የሞሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠበል ውሃ ነው» አለ ልየው።

እትዬ አትጠገብ ልየውን አዩት፤ ቀጥሎ ችግኙን አዩ። ከዚያ ሁለቱም የእሾህ አጥሩን አዩ። አጥሩ መግቢያ የለውም። እትዬ አትጠገብ ራሳቸው የሚያጠጡት ከውጭ ሆነው፣ እጃቸውን በላይ አሻግረው ነው።

«እግር የማይረግጠው ቦታ ነው ያሉህ አባ?»

«አዎ።»

«እዚህ ዶሮ እንኳ ረግጣ አታውቅም» አሉና ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቸኮለ። ጠበሉ ችግኙን ያጠጣል ተባለ፤ ችግኙ እትዬ አትጠገብን ለቀቀ፤ እትዬ አትጠገብ ከእማማ ትጓደድ ጋር እሄዳለሁ አሉ፤ እማማ ትጓደድ ለአባ መንክር እሺ አሉ፤ አባ መንክር ለሙሉሰው ፈቀዱ፤ ሙሉሰውም ጀሪካኗን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ፣ ከተማውን አቋርጦ መጣ። ውሻ ሲጮህበት እንኳ ዞር አላለም።

እማማ ትጓደድ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። አባ መንክር በጠገኑት ጃንጥላ ሥር ጸሎት አደረሱ። ሙሉሰው ጀሪካኗን ለእትዬ አትጠገብ ሰጠ፤ እትዬ አትጠገብ በጣሳ እየቀዱ፣ በአጥሩ ላይ እያሻገሩ፣ ለየሥሩ አዳረሱት። ግራጫው ውሃ ወደ አፈሩ ጠለቀ።

«ፈሰሰ?» አሉ እማማ ትጓደድ።

«ጠጣው» አሉ እትዬ አትጠገብ። «አንዲት ጠብታ እንኳ አልባከነም።»

እማማ ትጓደድ እጃቸውን በአየር ላይ ዘረጉ፤ እትዬ አትጠገብ እርጥብ እጃቸውን ሰጧቸው። የሁለቱ እጅ እንደ ተያያዘ ቆየ። ልየው ወደ ሌላ በኩል ዞሮ አጥሩን የሚመረምር መሰለ።

ጋራዥ ሲመለሱ ጀሪካኗ ታጠበች፤ ቀጭኑ ጎማ በትንፋሽ ተጠረገ፤ መርፌዋ መርጫውን ከፈተች፤ ለአዲሱ ውሃ ደግሞ እማማ ትጓደድ ለመንገድ ያስገዙትን የታሸገ ውሃ ሰጡ። «ይኼን ጨምሩባት፤ ያልተበጠበጠ ነው» አሉ። «የታሸገ ውሃ ከነበረ ችግኙን በሱ አያጠጡትም ነበር ወይ?» የምትሉ ካላችሁ እትዬ አትጠገብን አታውቋቸውም። በርበሬ በጠርሙስ ውሃ ስታጠጣ ታየች ከሚባሉ በርበሬው ቢቃጠል ይመርጣሉ።

«ሳባት» አለ ሙሉሰው። ልየው ዘንጓን ሳበ። መርጫው ረጨ። መጥረጊያው ሄደ፣ ተመለሰ፤ መስታወቱ ታጠበ። ሙሉሰው መርፌዋን ኮሌታው ላይ ሰክቶ ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በረሃውን ወረዱ። ቦቴው ረጨ፣ ገልባጩ ረገጠ፣ ጭቃው መጣ። ልየው ዘንጓን ሳበ፤ መስታወቱ ተገለጠ፤ ኩርባውን እያየው ዞረ። ኋላ ወንበር ላይ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፤ ጭርርር ሲል እማማ ትጓደድ «ታጠበች» ይላሉ፤ እትዬ አትጠገብ «ታጠበች» ይላሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ እትዬ አትጠገብ እስከሚፈቀድላቸው ድረስ ገቡ፤ ከዚያም ወዲህ ማዶ ቆመው፣ እማማ ትጓደድ እንዲሰሟቸው፣ በሩ እስኪዘጋ ስለ በርበሬው ጮክ ብለው አወሩ። ልየው መኪናዋን ጠበቀ። ሐኪሙ ወጥቶ «ደህና ነው» እስኪለው ድረስ የጠበቀው መኪናዋን መሆኑን ግን እንጃ።

የዓይናቸው ፋሻ በማግስቱ ተነሣ። ዓይን ገና ነውና ብርሃን አይብዛበት ብለው ሐኪሞቹ ለእማማ ትጓደድ ጥቁር መነጽር አደረጉላቸው። እማማ ትጓደድ ምንም አልተናገሩም፤ አንገታቸውን ደፍተው በእትዬ አትጠገብ እየተመሩ መጡ። ልየው ፈራ። የፊቱን በር ከፈተላቸው፤ ገቡ። ሞተር አስነሣ። ከሆስፒታሉ ወጡ፣ ከተማውን ጨረሱ፣ በረሃው አፋፍ ደረሱ፤ እናቱ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ልየው ሊጠይቅ ፈለገ፤ ማርሽ ቀየረ። ገልባጩ ከፊታቸው አለፈና ጭቃውን እንደ ልማዱ ወረወረ።

«ልየው» አሉ እማማ ትጓደድ።

«አቤት እማዬ።»

«ይኼ መስታወት ቆሽሿል። ገደሉን ከለለብኝ።»

ልየው አንድ ነገር ሊመልስ ነበር። ስለ መርጫውም፣ ስለ መርፌዋም፣ ስለ ሙሉሰውም፣ ስለ አባ መንክርም፣ ስለ ችግኙም፣ ስለ ቦኖውም የሚናገረው ሁሉ አፉ ድረስ መጣ። ደስታው ግን ጉሮሮው ላይ ቆሞ ቃሉን አላሳልፍም አለ። እንባው ሲወርድ እናቱ ዞር ብለው አዩት፤ አሁን ማየት ይችላሉና መደበቂያ አልነበረውም። እሱም ዘንጓን ሳበ፤ መርጫው ረጨ፤ መስታወቱ ታጠበ፤ እማማ ትጓደድም ገደሉን እያዩ ወረዱ።

ተረቴን መልሱ፣ መስታወቴን አብሱ።